ለእማዬ ጆሮ ብዬ ያስገጠምኩት ኦቨርድራይቭ

እማዬ ለቁልቢ ስንነሳ ሁለት ነገር ሳትይዝ መኪና ውስጥ አትገባም ነበር። አንዱ የስለት ጥላዋ ነው። ሌላው ጥጥ ነው። ጥጡን ለሁለት ትከፍልና ጠቅልላ ጆሮዋ ውስጥ ትወትፈዋለች። ከዚያ ወዲያ እስክንደርስ ድረስ አንነጋገርም። ብናገርም አትሰማኝም።

መኪናችን ላንድሮቨር ናት። ሲሪስ ሦስት፣ ረጅሟ፣ 109 የሚሏት፣ በቤንዚን የምትሠራ። አባቴ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጨረታ የገዛት ናት። እሱ ካረፈ በኋላ «ሽጪያት» ያላለኝ ሰው የለም። አልሸጥኳትም። እኔ ድሬዳዋ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ እሷን እነዳለሁ።

ላንድሮቨር የተሠራችው ለጭቃና ለድንጋይ ነው። አስፋልት ላይ በ80 ስትሄድ ሞተሯ እየጮኸ ነው የሚሄደው። ማርሿ አራት ብቻ ነው። አራተኛ ካስገባችሁ በኋላ እጃችሁ ሌላ ማርሽ ይፈልጋል፤ የለም። በዚህ መንገድ ስንት ዓመት እንደነዳሁ ሳስበው ሞተሩ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት ኦቨርድራይቭ አስገጠምኩላት፤ መኪናዋ በዚያው ፍጥነት እየሄደች ሞተሩ በዝግታ እንዲዞር የሚያደርግ ተጨማሪ ማርሽ ነው። አሁን አሥር ወር ሆነው። 5,400 ኪሎ ሜትር ነድቼበታለሁ። አሮጌ ላንድሮቨር ያላቸው የድሬና የሐረር ሰዎች መንገድ ላይ እያስቆሙ ይጠይቁኛል። ያየሁትን ሁሉ እዚህ ልጻፈው።

ዕቃው ፌሪ ይባላል። የእንግሊዝ ሥራ ነው። ታቪስቶክ በምትባል ከተማ የነበረው ፌሪ ዊንችስ ለእነዚህ ላንድሮቨሮች ብሎ የሠራው ነው። ትልቅነቱ የመካከለኛ ድስት ያህላል፤ ክብደቱ ግን የድስት አይደለም። እንግሊዝ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ያገለገለ አግኝቶ በ380 ፓውንድ ገዛልኝ። ለእረፍት ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ይዞት መጣ። ለራሱ ልብስ የተረፈው ቦታ ትንሽ ነበር። እግዜር ይስጠው።

አሠራሩን ላስረዳ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ።

ሞተሩ ኃይሉን ለካምቢዮ ይሰጣል። አራተኛ ማርሽ ላይ ካምቢዮው ምንም አይቀንስም፣ አይጨምርም። አንድ ለአንድ ነው። ከዚያ ከካምቢዮው ኋላ የተለጠፈችው ትንሿ ካምቢዮ አለች። እሷ በ1.148 ትቀንሳለች። ከዚያ ዲፈረንሻሉ በ4.7 ይቀንሳል። ሁለቱን አባዙት። ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ 5.4 ጊዜ ያህል መዞር አለበት ማለት ነው። እኔ 7.50 በ16 ጎማ ነው ያደረግሁት። በዚህ ጎማ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስሄድ ሞተሩ በደቂቃ 2,900 ጊዜ ገደማ ይዞራል። 2,286 ሲሲ ለሆነ አሮጌ ሞተር ይህ ልፋት ነው።

ኦቨርድራይቩ ከትንሿ ካምቢዮ ጀርባ ላይ ይታሰራል። ከካምቢዮው የሚመጣውን ዙር ተቀብሎ ያፈጥነውና ለትንሿ ካምቢዮ ያስረክባል። ቁጥሩ 0.782 ነው፤ ሞተሩ የድሮውን ዙር 0.782 ያህል ብቻ ይዞራል ማለት ነው። በተመሳሳይ ፍጥነት 2,900 የነበረው ወደ 2,300 ይወርዳል። በየደቂቃው 600 ዙር ቀነሰ ማለት ነው። ከድሬ ቁልቢ ድረስ ስንት ደቂቃ እንዳለ ቁጠሩት።

ኤሌክትሪክ የለውም። ሽቦ የለውም። ውስጡ ጥርስና ዘንግ ነው። ከካምቢዮው አጠገብ አንድ ተጨማሪ ዱላ ይወጣለታል። ፍሪሲዮን ትረግጣላችሁ፣ ዱላውን ትገፋላችሁ፣ ፍሪሲዮኑን ትለቃላችሁ። በቃ። እኔ ይህን ቀላልነቱን ነው የወደድኩት። ድሬ ሙቀት ውስጥ የሚበላሽ ነገር ባነሰ ቁጥር ጥሩ ነው።

የወንድሜ ልጅ የአሜሪካ መኪና ይወዳል። ሙስታንግ፣ ካማሮ፣ ሌላ ወሬ የለውም። እኔ ስለዚህ ዕቃ ሳነብ አጠገቤ ተቀምጦ የነሱንም ችግር አሳየኝ። እነዚያ የ1960ዎቹ ጉልበተኛ መኪኖች ብዙ ጊዜ በሦስት ወይም በአራት ማርሽ ነበር የሚመጡት፤ የመጨረሻው እንደኔው አንድ ለአንድ ነው። ዲፈረንሻላቸው ደግሞ ከቆሙበት ተወርውረው እንዲነሱ ተብሎ የተመረጠ ነው። ስለዚህ ረጅም መንገድ ላይ ሞተራቸው ይጮኻል። ዛሬ ባለቤቶቻቸው ወይ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ይቀይሩላቸዋል፣ ወይ ከካምቢዮው ኋላ ኦቨርድራይቭ ይጨምሩላቸዋል። ጊር ቬንደርስ የሚባለው የታወቀው ዕቃ ቁጥሩ 0.78 ነው። ከኔ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ያ በዘይት ግፊትና በኤሌክትሪክ ማብሪያ ይሠራል፤ የኔ በእጅ። ሥራው ግን ያው ነው። ልጁ በጣም ደስ አለው። «አክስቴ፣ የኛ ላንድሮቨርም እንደ ሙስታንግ ሆነች» ብሎ ለጓደኞቹ አወራ።

አሁን ወደ መግጠሙ ልምጣ። የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ስሙን አልጽፍም። ሥራው በአንድ ቀን አለቀ። 6,000 ብር ከፈልኩ። ደስ ብሎኝ ነዳሁ። በአራተኛው ቀን መኪናዋ ባደረችበት ቦታ መሬቱ ላይ የዘይት ኩሬ አየሁ። በሳምንቱ ደግሞ ጋዝ ስረግጥና ስለቅ ከወንበሬ ሥር «ኳ» የሚል ድምፅ መጣ። ተመልሼ ሄድኩ። «አሮጌ ዕቃ ነው፣ ድምፁ ያለ ነው» አሉኝ። አላመንኩም። ዙሩ እኩል እየሄደ ድምፅ የለም፤ ጉልበቱ ሲቀየር ብቻ ድምፅ አለ። ይህ የላላ ነገር ምልክት ነው። ለተማሪዎቼ የማስተምረው ነገር ነው።

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው ወደ ሽማግሌው የላኩኝ። ግቢው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነው፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ። ሰሌዳ የለውም። ትልቅ የኒም ዛፍ አለ፣ ጥላው ሥር ሁልጊዜ ሁለት ሦስት መኪና ይቆማል። እኔ በሄድኩበት ቀን አንድ የሐረር ፔጆ 404 ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሟል። ሐረር ስንት ዘመን በታክሲነት የሮጡት እነዚያ ፔጆዎች ዛሬም ሰው እየጠገናቸው ነው። ግቢው እንደዚህ ዓይነት መኪኖች ግቢ ነው። አዲስ መኪና አላየሁበትም።

ሽማግሌው በወጣትነቱ ምድር ባቡር ወርክሾፕ የሠራ ነው። ድሬ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ ነው ከተማው የተቆረቆረው። ከዚያ ወርክሾፕ የወጣ ሰው ብረት ያውቃል፤ ይህን ድሬ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። «አባባ» ነው የምንለው። «አንተ» ነው የምንለው። የሌላ አገር ሰው ይገርመዋል፣ እኛ ጋ ግን አንቱታ ብዙም የለም። ክብሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ሞተሩን አስነሳሁለት። አላየውም። እጁን ትንሿ ካምቢዮ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ልጄ፣ ማነው የፈታው ይሄን?» አለኝ።

ነገርኩት።

«ዳዶው ላልቷል። ነገ ጠዋት አምጪያት። ዛሬ ሙቅ ናት።»

በማግስቱ አጠገቡ ቆሜ አየሁ። የመሃል ወንበሩን አነሱ። ወለሉን ፈቱ። ዘይቱን አወረዱ። ኦቨርድራይቩን ፈትተው አወጡት። እዚህ ላይ ነው የሥራው ሁሉ ቁልፍ ያለው፤ መግጠም የምታስቡ ሁሉ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቡት። ዕቃው በብሎን ብቻ የሚለጠፍ አይደለም። በካምቢዮው ዋና ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ጥርስ ወጥቶ በቦታው ከኦቨርድራይቩ ጋር የመጣ የብረት እጅጌ ይገባል። እጅጌው ውስጡ ጥርስ ጥርስ ነው፤ ዘንጉ ላይ ልክክ ብሎ መቀመጥ አለበት። ከዚያ በትልቅ ዳዶ ይጠብቃል። ከዳዶው ሥር ሮንዴላ፣ ስስ የብረት ቀለበት፣ አለ። ዳዶው ከጠበቀ በኋላ የሮንዴላው ጠርዝ ታጥፎ ዳዶውን ይቆልፈዋል። የሞተሩ ጉልበት በሙሉ በዚያ እጅጌ በኩል ነው የሚያልፈው።

የኔ ዳዶ በመሮና በመዶሻ ነበር የጠበቀው። ጠርዙ ተቧጭሯል። ሮንዴላው አልታጠፈም። ዳዶው በግማሽ ዙር ተፈትቶ እጅጌው ወደፊትና ወደኋላ ይጫወት ነበር። ሽማግሌው በጣቱ ነቅንቆ አሳየኝ። «ሁለት ወር ብትነጂ ኖሮ ዘንጉም አብሮ ይሄድ ነበር» አለ። ዘንጉ ሄደ ማለት ካምቢዮው ሙሉ በሙሉ መውረድ አለበት። ላቤ መጣ።

የእጅጌው ጥርስ ግን ደህና ነበር። ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት እሱን ይሁን። ጥርሱ ሹል ከሆነ፣ ወይም ጥፍራችሁ የሚይዘው እርከን ካለው፣ አትግዙ።

አዲስ ሮንዴላ ቶርኖ ቤት ልኮ አስቆረጠ። ለዳዶው የሚሆን ቁልፍ የራሱ አለው፤ ከቧንቧ ቆርጦ የሠራው። ጓርኒሲዮኑን፣ ዘይት እንዳይፈስ ሁለት ብረት መሃል የሚገባውን ወረቀት፣ እዚያው በእጁ ሠራው። ወረቀቱን ብረቱ ላይ ዘርግቶ በትንሽ መዶሻ ጠርዝ ጠርዙን መታ መታ ሲያደርገው ወረቀቱ የብረቱን ቅርፅ ይዞ ተቆረጠ። መቀስ አልነካም። እኔ እንደ ልጅ ቆሜ አየሁት። ፓራኦሊዮውንም፣ በዘንጉ ዙሪያ ዘይት የሚያግደውን ጎማ፣ ቀየረው፤ የድሮው ደርቆ ነበር።

ሦስት ቀን ፈጀ። 9,500 ብር ለእሱ፣ 1,200 ለቶርኖ ቤቱ። ዘይቱን እኔ ነኝ የገዛሁት። ከመጀመሪያው ጋራዥ ይበልጣል። ይገባዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሬት ላይ አንድ ጠብታ አላየሁም። «ኳ» የሚለውም ጠፋ።

መጀመሪያ የሞከርኳት ሜዳ ላይ ነው። ከድሬ በሽንሌ አድርጎ ወደ አዲጋላ የሚወስደው መንገድ ለዚህ ተስማሚ ነው። ቀጥ ያለ፣ ሜዳ፣ ግራና ቀኙ ግራር። በማለዳ ወጣሁ። በ80 ላይ አራተኛ ሆኜ በስልኬ ድምፁን ለካሁ፤ 88 ዴሲቤል። ፍሪሲዮን ረገጥኩ፣ አዲሱን ዱላ አስገባሁ፣ ለቀቅኩ። ሞተሩ ወረደ። ሌላ መኪና ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። 82። ፊዚክስ ለማያውቅ ሰው ስድስት ዴሲቤል ትንሽ ይመስላል። የድምፁ ጉልበት ወደ ሩብ ወረደ ማለት ነው። ንፋሱን ሰማሁ። የበሩን መንቀጥቀጥ ሰማሁ። በሩ እንደሚንቀጠቀጥ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ይህን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፦ ፍጥነት መለኪያው አይሳሳትም ወይ? አይሳሳትም። መለኪያው ዙሩን የሚወስደው ከትንሿ ካምቢዮ መውጫ ነው፤ ከኦቨርድራይቩ በኋላ።

ቤንዚኑን በጀሪካን ለካሁት። ሰርባትዮውን ሞልቼ፣ ሄጄ፣ ተመልሼ እንደገና ሞላሁ። ሦስት ጊዜ በዚያው መንገድ። ድሮ 100 ኪሎ ሜትር 17.5 ሊትር ትጠጣ ነበር። አሁን 15.5። ከተማ ውስጥ ምንም ለውጥ የለም። ከከዚራ መጋላ ለሚመላለስ ሰው ይህ ዕቃ ምንም አያደርግለትም።

ጀርባችሁን ንፋስ ሲገፋው ግሩም ነው። ፊት ለፊት ሲመጣ ግን ሌላ ነው። ከአዲጋላ ስመለስ ንፋሱ በግንባሯ መጣ፤ መኪናዋም ስድስት ሰውና ሁለት በርሜል ውኃ ጭናለች። ኦቨርድራይቩ ላይ ሆና ከ70 በላይ አልወጣ አለች። አወጣሁት፣ በአራተኛ ብቻ ሄድኩ። የሞተሩ ጉልበት አልጨመረም፤ ዙሩ ነው የቀነሰው። ሞተራችሁ የደከመ ከሆነ መጀመሪያ ሞተሩን አሠሩ። ኦቨርድራይቭ ለደከመ ሞተር መድኃኒት አይደለም።

ያልጠበቅሁት ስጦታ ደንገጎ ላይ ነው ያገኘሁት።

ደንገጎን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከድሬ ወጥታችሁ ትንሽ እንደሄዳችሁ መንገዱ ተራራው ላይ ይጠመጠማል። ከታች ሙቀት፣ ከላይ ብርድ። ላንድሮቨሯ እዚያ ላይ ሁልጊዜ ትቸገር ነበር። በሦስተኛ ስወጣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ትርፍ ጉልበት አለው። አራተኛ ሳስገባ ደግሞ ይታፈናል። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ሦስተኛ፣ እጄ አያርፍም። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ይነፋል።

አሁን መሃል ላይ የሚገባ ማርሽ አገኘሁ። ሦስተኛው ማርሽ 1.50 ነው። ኦቨርድራይቩን ስታስገቡበት 1.17 ይሆናል። ሦስተኛና አራተኛ መሃል ቁጭ ይላል። እኔ «ሦስት ተኩል» ብዬዋለሁ። ጋዙን ሳልለቅ፣ ሞተሩ ሳይጮህ፣ ሳይታፈን፣ ዳገቱን እየዘፈነ ወጣው። ለሜዳ ብዬ የገዛሁት ዕቃ ዳገት ላይ የበለጠ ጠቀመኝ። በዚህ አካባቢ ለምንኖር ሰዎች፣ ወደየትም ስንወጣ ተራራ ለምንወጣ፣ ይህ ብቻውን ዋጋውን ያወጣል።

መውረድ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ከሐረማያ ወደ ድሬ ስትመለሱ ደንገጎ አናት ላይ ኦቨርድራይቩን አውጡት። ቁልቁለት ላይ መኪናዋን የሚይዛት ሞተሩ ነው፤ ኦቨርድራይቭ ላይ ሆኖ ሞተሩ በደንብ አይዝም። የላንድሮቨሯ ፍሬን አራቱም ባለ ከበሮ ነው፤ ከሞቀ ይከዳል። በሦስተኛ ውረዱ። የጫት መኪኖቹ ይለፏችሁ።

ሽማግሌው አንድ ሌላ ነገር አስጠንቅቆኛል። በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ከባድ ጭነት ስትጎትቱ ኦቨርድራይቩን አታስገቡ። ምክንያቱን ሳስበው ልክ ነው። ዕቃው ያለው ከካምቢዮው ኋላ ነው። አንደኛ ማርሽ የሞተሩን ጉልበት 3.68 ጊዜ አባዝቶ ነው የሚልክለት። ያን ሁሉ ጉልበት የሚሸከሙት እነዚያ ትንንሽ ጥርሶች ናቸው። በሦስተኛና በአራተኛ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ዕድሜ ይኖረዋል።

ስለ ዘይቱ። ኦቨርድራይቩ የራሱ ዘይት አለው። ከካምቢዮው ጋር አይጋራም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፣ ካምቢዮውን ሞልቶ ይሄዳል። የሚይዘው ዘይት ጥቂት ነው፣ ጥቂት ስለሆነም ቶሎ ይሞቃል። 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት ነው የምጠቀመው። መጀመሪያ 500 ኪሎ ሜትር ላይ ቀየርኩት፤ የወጣው ዘይት የብረት ብናኝ ነበረው፣ በመሮው የተጎዳው ዳዶ ያመጣው ነው። ከዚያ ወዲህ ንጹሕ ነው። በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ መሙያውን ከፍቼ በጣቴ እነካዋለሁ። ጣቴ ዘይት ካልነካ እጨምራለሁ። ሰኔ ላይ፣ ድሬ እንደ ምድጃ በምትሆንበት ጊዜ፣ በየሁለት ሳምንቱ ነው ያየሁት።

የማልወድለት ነገርም አለ። ኦቨርድራይቭ ላይ ስትሆኑ ቀጭን ፉጨት ያሰማል። ጥርስ ስለሆነ ነው። ከሞተሩ ጩኸት ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም፤ ግን አለ። ዱላውም ቦታው አይመችም። ቀድሞውኑ ሦስት ዱላ አለ፦ ካምቢዮው፣ ቢጫ ራስ ያለው የፊት ጎማ ማስገቢያ፣ ቀይ ራስ ያለው የሪዶታ፣ ለከባድ ቦታ የሚሆነው የዝግታ ማርሽ። አራተኛው ሲጨመር የመሃል ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ጉልበቱን ወደ ጎን ማዞር አለበት። ለዱላው ቀዳዳ ለማውጣት ደግሞ የካምቢዮው ክዳን ላሜራ መቆረጥ አለበት። አባቴ ያልነካውን ላሜራ ሳስቆርጥ ሆዴ ተላወሰ። ሽማግሌው ጠርዙን በጎማ አለበሰልኝና ተሻለኝ።

ሐምሌ 19 ለቁልቢ ወጣን። እማዬ እንደ ልማዷ ጥጧን ጠቅልላ ወትፋለች። ደንገጎን በሦስት ተኩል ወጣን። አናቱ ላይ ወደ ቁልቢ ስንታጠፍ አራተኛ አስገባሁ፣ ዱላዋን ገፋሁ። ትንሽ ሄድን። እማዬ ወደኔ ዞራ አየችኝ።

«ጠፋች እንዴ?» አለች።

«ኧረ እየሄድን ነው እማዬ።»

አንዱን ጥጥ አወጣች። አዳመጠች። ሌላውንም አወጣችና ሁለቱንም በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻቸው። ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ ቀርሳ አካባቢ ስንደርስ በጣቷ ወደ መንገዱ ዳር አሳየችኝ።

«አባትሽ መጀመሪያ ጊዜ ይዟት ሲመጣ እዚህ ጋ ነው የፈላችበት» አለች። «ለቡና ብዬ በጀሪካን ውኃ ይዤ ነበር። ሁሉንም ራዲያተሯ ውስጥ ጨመረው። አኮረፍኩት። ቁልቢ እስክንደርስ አላናገርኩትም። እሱ ግን አላወቀም፤ በጩኸቱ የማልሰማው መስሎት ብቻውን ሲያወራልኝ ሄደ።»

በዚያ መንገድ ከእማዬ ጋር ስንት ጊዜ ተመላልሰናል። ነግራኝ አታውቅም። እስክንደርስ ድረስ አወራች። ስለ ሠርጋቸው፣ ስለ ጨረታው፣ ብሩን ከማን እንደተበደረ። በታኅሣሡ ንግሥ ጥጡን ጨርሶ አልያዘችም።

ለማን ይሆናል? ሞተሩ ጤናማ ለሆነ፣ ረጅም መንገድ ወይም ዳገት ለሚበዛበት፣ መኪናውን ላይሸጥ ለቆረጠ ሰው። በፍጥነት ለመብረር ለፈለገ አልመክርም። እኔ ዛሬም ከ80 አላልፍም። መሪውም ፍሬኑም የድሮ ነው።

ወደ ሽማግሌው የምትሄዱ ከሆነ በጠዋት ሂዱ። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ አለ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ግቢው ይዘጋል፤ ድሬ በዚያ ሙቀት ማንም አይሠራም። አሥር ሰዓት ላይ ይከፈታል፣ ያኔ ግን ከባድ ሥራ አይጀምርም፤ ሻይና ሳምቡሳ ይዞ የነገውን ያያል። ዘይታችሁን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። እጅጌውን ሲያስገባ አጠገቡ ቁሙ፣ አይከፋውም። ዳዶውን አጥብቆ ሮንዴላውን ሲያጥፈው ይጠራችሁና በጣታችሁ እንድትነኩት ያደርጋል።